አሥራ ስድስት መቶ

ሲላስ የተገኘው በጀርባው ተንጋሎ ነው፤ ራሱ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ፣ እግሮቹ ወደ ላይ። እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስቱ ሊዲያ ከአምልኮ ተመልሳ ለምሳ ልትጠራው መጥታ፣ ከሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለው ስቱዲዮው ጀርባ አገኘችው። የጎረቤት ሱቆች ሁሉ ዝግ ነበሩ። እሑድ ጠዋት በዚያ ሰፈር የሚከፈተው የቤተ ክርስቲያን በር ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ሶስና ኃይሉ ስትደርስ ባልደረባዋ መዝገቡ ላይ «አዳልጦት የወደቀ» ብሎ ጽፏል። እሷ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደች።

«የሚወርድ ሰው ሲያዳልጠው በመቀመጫው ነው የሚያርፈው፤ ራሱ ወደ ላይ ይቀራል» አለችው። «ይሄ ሰው ግን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር። በሩ ላይ የቆመ ሌላ ሰው አለ። ሰርዘው።»

ሲላስ ለሆሳዕና፣ ለሞርሲቶና ለዳምቦያ መዘምራን የመዝሙር ቪዲዮ ያቀናብር ነበር። የሚሠራበትን ኮምፒውተር በገዛ እጁ ገጣጥሞታል። ሥራው እንዲፋጠንለትም የማሽኑን ማኅደረ ትውስታ፣ ማለትም ራሙን፣ ፋብሪካው ሲያወጣው ከነበረው ፍጥነት በላይ አስኪዶታል። ባለሙያዎቹ ይህን ኦቨርክሎክ ይሉታል። ከእሱ ሌላ የስቱዲዮው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሊዲያ፣ ሦስት ዓመት አብሮት የሠራው ቴክኒሻን ማቲዎስ፣ እና የመዘምራኑ መሪ ዋለ። ዋለ የሲላስ ሚዜ ነበር።

ሶስና ሊዲያ ባለችበት ማሽኑን አስነሳችው። ሊዲያ እንባዋን ጠርጋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ፓስወርድ አልጠየቀም» አለች። «ሲነሳ ሁልጊዜ ይጠይቅ ነበር። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም።»

ከዚያ የሆዷን ተናገረች። ሲላስ ቅዳሜ ማታ እራት አልበላም። በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት የሚናገረው እንዳለው፣ ጠዋትም ከስቱዲዮው የሚገለብጠው ነገር ስላለ እንደሚዘገይ ነገራት። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ከቤታችን የበላ ሰው ካደኝ» ብቻ አላት።

«ስም አልጠራም?»

«ምን ስም ያስፈልጋል? ማቲዎስ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኔ እጅ በልቷል። ዓርብ ዕለት የራሴን ሱቅ ልከፍት ነው ብሎ ከሲላስ ጋር ተጣሉ። ይህን ማሽን መክፈት የሚችልም እሱ ብቻ ነው።»

ማቲዎስ በዚያው ቀን ታሰረ። እሑድ ጠዋት የት እንደነበር ሲጠየቅ በኪራይ ክፍሉ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ሶስና ፓስወርዱ እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል ስትጠይቀው ሳይሸሽግ ነገራት፦ ማሽኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክብ ባትሪ አውጥቶ መመለስ ነው፤ ፓስወርዱም፣ ሰው ያስገባው ቅንብርም አብሮ ይጠፋል። ቃል የሚመዘግበው ጸሐፊ ይህን እየጻፈ አንገቱን ነቀነቀ። ልጁ በገዛ አፉ ራሱን ያሰረ መሰለው።

ሰኞ ሶስና በካቴና አስራ ወደ ስቱዲዮው አመጣችው። ማቲዎስ በታሰረ እጁ የማሽኑን የቅንብር ገጽ ከፈተና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

«ምን አየህ?»

«የራሙን ፍጥነት። አሥራ ስድስት መቶ ይላል።» ከጠረጴዛው ላይ የሲላስን ማስታወሻ ደብተር በአገጩ አመለከታት። የመጨረሻው ገጽ ላይ በሲላስ እጅ «ቅዳሜ፣ 3200፣ ለአራት ሰዓት ተፈትኖ አለፈ» የሚል ሰፍሯል።

«ባትሪው ሲወጣ ይሆናላ የወረደው።»

«አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ባትሪው ሲወጣ በራሱ ወደ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ነው የሚመለሰው። አሥራ ስድስት መቶን ሰው ነው ያስገባው። እኔ ብሆን አንድ ቁልፍ ተጭኜ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አደርገው ነበር።»

«ወይም ያልገባው ሰው የሠራው እንዲመስል አስበህ አድርገኸው ይሆናል» አለችው። ማቲዎስ የሲላስ የራሱ መዝሙሮች የነበሩበት ፎልደር መጥፋቱን አሳያት። ሲላስ በጊታር እያጀበ በራሱ ድምፅ የቀረጻቸው ናቸው፤ እያንዳንዱም የተቀረጸበት ቀን ነበረው።

ለቅሶው ቤት ዋለ ወንበር ያከፋፍላል፣ ከዱራሜ የመጡትን ያስቀምጣል፣ ለሊዲያ ውሃ ያመጣል። ድምፁ በልቅሶ ሻክሯል። ሶስና ድንኳኑ ጥግ ወስዳ አነጋገረችው። እሑድ ጠዋት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ ነገራት፤ መዘምራኑን የሚመራ ሰው የት ይሄዳል?

«ሚዜው ነበርኩ» አለ። «ከዚህ በላይ ምን ልንገርዎት?»

«የኮምፒውተር ሥራም ያስተምርዎት ነበር ይባላል።»

ፊቱ በራ። «ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ሆነን የራም ፍጥነት አሳየኝ። በስስት ብዙ ስንጨምርበት ማሽኑ ጭራሽ ሞተ። ሲላስ ሆዱን ከፍቶ እንደ አልዓዛር አስነሳው!» ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ሸፈነ። «ማስተማሩን ሳይጨርስልኝ ደንበኛ መጣበትና ተለያየን። ያ የመጨረሻችን ሆነ።»

«ብቻዎን ማሽኑን ነክተው ያውቃሉ?»

«ብቻዬን? አንድም ቀን።»

ሶስና ስለ ቁጥሩ አልጠየቀችውም። ከዚያ ይልቅ ከመዘምራኑ አንዷን፣ ትርፊትን፣ ስለ እሑዱ አምልኮ አጫወተቻት። መዘምራኑ ዘምረው ሲጨርሱ በጓሮ በር ወጥተው ካባቸውን ይሰቅላሉ፤ ስብከቱን የሚያዳምጡት በየፊናቸው ከሕዝቡ መሃል ተቀምጠው ነው። ስብከቱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ትርፊት ዋለን አላየችውም። ለመዝጊያው መዝሙር ሲመለስ ግን ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከለቅሶው ጸሎት በኋላ፣ ሁሉም ስቱዲዮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሊዲያ በነጠላዋ ተከናንባ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ማቲዎስ ከፖሊሱ አጠገብ ቆመ፤ ሊዲያ አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችውም። ሶስና አስቀድማ ባትሪውን አስወጥታ አስመልሳለች፤ ማሽኑ ወደ ጥሬ ቅንብሩ ተመልሷል።

«አቶ ዋለ» አለች፣ «ሊዲያ የሲላስን የመጨረሻ ቪዲዮ ልታይ ትፈልጋለች። ማሽኑ እየተጎተተ አስቸግሯል። እርስዎ ተምረዋል፤ ሲላስ ራሙን እንዳስቀመጠው አድርገው ይመልሱልን።»

«ይቺማ ቀላል ናት» አለና ተቀመጠ። በዝርዝሩ ላይ ቁልቁል ሄደ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶን አለፈው፤ አሥራ ስድስት መቶ ላይ ቆመና መረጠው። «ይኸው። ሲላስ እንዳስቀመጠው።»

ማሽኑ ተነሳ። ሶስና የማቲዎስን ካቴና አስፈታችና የራሙን ፍጥነት የሚያሳየውን ፕሮግራም እንዲከፍት አዘዘችው። ዋለ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«ስምንት መቶ?» አለ። «ቅዳሜ እኮ እዚሁ ጋ አሥራ ስድስት መቶ ነበር የሚለው።»

«እውነትዎን ነው፤ ቅዳሜ እንደዚያ ይል ነበር» አለች ሶስና። «እኔም ማቲዎስ እስኪያስረዳኝ አልገባኝም። መናኸሪያው ላይ ያለ ተሸካሚ ጆንያ ይዞ ወደ አውቶቡሱ ይሄዳል፤ ሲመለስም ባዶውን አይመለስም፣ ከወረደው ዕቃ ይሸከማል። ምልልሱን የቆጠረ አንድ ይላል፤ ሸክሙን የቆጠረ ሁለት። ራምም እንደዚያው ነው። ይህ ፕሮግራም የሚቆጥረው ምልልሱን ነው። የቅንብሩ ገጽ ደግሞ ሸክሙን ይቆጥራል። ሲላስ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አስገባ፤ ፕሮግራሙ አሥራ ስድስት መቶ አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እርስዎ ያዩት ግን የፕሮግራሙን ቁጥር ብቻ ነው፤ ሲላስ ቀሪውን ሳያስረዳዎት ደንበኛ መጣበት።»

ዋለ እጁን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሳ።

«እሑድ ወደዚህ የመጣው ሰው፣ ቅዳሜ ሲላስ የሞተውን ማሽን ሲያስነሳ እንዳየው፣ ባትሪውን አውጥቶ ፓስወርዱን አጠፋ፤ መዝሙሮቹን ደመሰሰ። ከዚያ ማንም እንዳይጠረጥር ፍጥነቱን እንደነበረ መመለስ ፈለገና አሥራ ስድስት መቶ ብሎ አስገባ። ባለሙያ ይህን አይሳሳትም። ማቲዎስ ሆን ብሎ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ግን እርስዎ ምን እንደተማሩና ምን እንዳልተማሩ ማቲዎስ በምን ያውቃል? ቅዳሜ እዚህ አልነበረም። ሊዲያ እሑድ ጠዋት ሙሉ ስልሳ ሕፃናት ታስተምር ነበር። እርስዎ ግን ስብከቱ ላይ አልነበሩም። ስህተት መሆኑን ስላላወቁትም ዛሬ ሊደብቁት አልሞከሩም።»

ስልኳን አውጥታ መዝሙር ከፈተችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሲላስ በራሱ ስልክ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተው ነው፤ ባለፈው ሳምንት የወጣ፣ አዲስ አበባ ያለች ዘማሪት የዘመረችው። ሊዲያ ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ ግጥሙን በከንፈሯ ተከተለችው።

«ይሄ የሲላስ ነው» አለች። «ልጆቻችንን የሚያስተኛበት።»

«ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢው» አለች ሶስና።

ሊዲያ ስልኩን አንስታ አነበበች፦ ግጥምና ዜማ፣ ዋለ።

ዋለ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። ከዚያ ተናገረ፦ ሊገድለው እንዳልመጣ፣ ሲላስ ቅዳሜ ማታ እንደሚከስሰው ስለነገረው ቀን ያላቸውን ቅጂዎች ይዞ ሽማግሌዎቹ ዘንድ እንዳይሄድ ሊለምነው እንደመጣ፣ ሲላስ ደረጃው ላይ ቆሞ እንቢ እንዳለው። «ስንት ዓመት መዝሙሮቹን ሳጥን ውስጥ ቆልፎባቸው ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ሰው እንዲሰማቸው ያደረግኩት። ገፋ አደረግኩት እንጂ...»

«ዋለ» አለች ሊዲያ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አስከሬኑን በራሱ በኩል የያዝከው አንተ ነህ። ልጆቹ አባት አላጡም ብለህ ፊቴን ያበስክልኝ አንተ ነህ። በዚያው እጅህ ነው?»

እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አነሳ፤ የት እንደሚያደርጋቸው ግን አላወቀም። ፖሊሱ በካቴና ያዛቸው።

ዋለን ይዘውት ሲወርዱ ሊዲያ ማቲዎስን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ከቀሚሷ ኪስ የስቱዲዮውን ቁልፍ አውጥታ ዘረጋችለት። «ስም አልጠራልኝም ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ስም ያወጣሁለት። ይቅር በለኝ፣ ማቲ። ስቱዲዮውን አንተ ያዘው።»

ማቲዎስ የካቴናው ምልክት ያረፈበትን አንጓውን አሻሸ።

«እትዬ» አላት፣ «ያን ሁሉ ምሳ ስታቀርቢልኝ ከዳተኛ ነው ብለሽ ታስቢኝ ነበር?»

ሊዲያ ቁልፉን ይበልጥ አስጠጋችለት።

«ለሌላ ሰው ስጪው» አለ። ከዚያ ወደ ሶስና ዞረ። «ሲያስሩኝ የወሰዱብኝ የጫማዬ ማሰሪያ ጣቢያ ነው ያለው። እሱን ልቀበልና ዳምቦያ ልሂድ። እናቴ ነፍሰ ገዳይ ነው መባሌን ሰምታለች፤ ሳይመሽ ደርሼ በዓይኗ ልታየኝ ይገባል።»

በፊት ለፊቱ ደረጃ፣ ጫማው እንዳይወልቅ እግሩን እየጎተተ ወረደ። ሊዲያ ቁልፉን እንደዘረጋች ቀረች።