ከስፒከር ጀርባ የሞተው ሰው

ኤልያቄም የሞተው ሺህ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነው። አንድም ሰው አልሰማውም። በምን ጆሮው ይስማው! ከሀይሌ ጋርመንት ወረድ ብሎ ባለው አዳራሽ የእሁድ ከሰዓት የመረብ ኳስ ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ኳስ የሚታየው በዓይን መሆኑን የአዳራሹ ባለቤት ረስቶት ይሁን ንቆት፣ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ስፒከሮች ግራና ቀኝ ገትሮ የሰው አንጀት እስኪርገበገብ ያስጮሃቸዋል። ዳኛው ፊሽካ መንፋቱን ትቶ እጁን እያወናጨፈ ነው የሚያጫውተው። ሕፃን ያዘለች እናት በነጠላዋ ሁለት ጆሮ ትሸፍናለች፤ የራሷን ሳይሆን የልጇን።

አሥር ሰዓት ላይ ጨዋታው አልቆ ዘፈኑ አልቆም አለ። ባለቤቱ አቶ ዳኜ በር ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ብሬከር አወረደና ወደ ድምፅ ማሽኑ ክፍል ሄደ። ትንሽ ቆይቶ «ሰው ሞቷል!» እያለ ወጣ።

ኢንስፔክተር አሰገደች ስትደርስ ሳጅን ሬድዋን ሥራውን ጨርሶ ጠበቃት። መጨረስ ካሉት ማለት ነው። ጓሮ ሻይ የምትሸጠውን ገዲሴን በካቴና አስሮ ድንጋይ ላይ አስቀምጧታል።

«ገዳይዋ ይቻትና» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ፈጠንክ።»

«ብርጭቆዋ ሟች ጠረጴዛ ላይ ነው። መጨረሻ የገባችው እሷ ነች።»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«አቶ ዳኜ።»

«ሌላስ ማንን ጠየቅክ?»

ሳጅኑ ጫማውን አየ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለችና አልፋው ገባች። አጭር ወፍራም ሴት ናት፤ አትቸኩልም። የቸኮሉ ሰዎችን ስህተት ስትለቅም ነው በፖሊስነት ሃያ ዓመት የሞላት።

ክፍሉ ከስፒከሮቹ ጀርባ በጣውላ የተከለለች ናት፣ አልጋ እንኳ የማታስዘረጋ። የሃያ ስድስት ዓመቱ ኤልያቄም፣ የድምፅ ባለሙያው፣ በጎኑ ወድቋል። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ የስፒከሩ ማቆሚያ ብረት ጠርዝ ላይ ደም አለ። በእጁ ፒንሳ ጨብጧል። ከወደቀበት ክንድ በሚያህል ከፍታ ጣውላው በአዲስ ምት ተጎድጉዷል። ልጁ ወድቆም እያንኳኳ ነበር። ከጣውላው ወዲያ የመጀመሪያው ረድፍ ወንበር ነው።

ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውና አንድ ብርጭቆ ሻይ አለ። ሻዩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጠብታ አልፈሰሰም። አሰገደች ጎንበስ ስትል ጠረጴዛው ሥር የተቆረጠ ስፖንጅ አየች፤ ላዩ ላይ የብርጭቆ ቂጥ ያተማቸው ቡናማ ክቦች ተደራርበዋል። የድምፁ መጨመሪያ እስከ ጥጉ ተገፍቷል። ከጥጉ ዝቅ ብሎ ኤልያቄም በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጎበታል።

መጀመሪያ አሰልጣኝ ከድርን ጠራች።

«ልጁ ላይ ዝተህበታል አሉ።»

«በጩኸቱ ነው የዛትኩት። ልጆቼ ምክሬን አይሰሙ፣ እኔ እነሱን አልሰማ። ‹ማሽኑን ከነሰውየው እሰብረዋለሁ› ብያለሁ፤ አልክድም።»

«ስትጫወቱ የት ነበርክ?»

«አግዳሚዬ ላይ። ሺህ ሰው ያየኛል።»

ቀጥሎ አስተዋዋቂው ኦሊያድ ገባ። ማይክ ሲይዝ አንበሳ ነው፤ ሲነጠቅ ድምፁ የታመመ ድመት።

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጩኸቱ በረድ ብሎ ነበር፣ ኢንስፔክተር። የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ።»

«መደንገጥስ ይገባህ ነበር። ከዚያስ?»

«ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ከበፊቱ ብሶ መጣ።»

«ብሬከሩ ሲወርድስ?»

«ከከድር ጋር ሜዳው መሃል ነበርን። ኮከብ ተጫዋቹን ልሸልም ስል ማይኬ ሞተ።»

አቶ ዳኜ ቢሮው ውስጥ እግሩን አነባብሮ ጠበቃት።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«መኪናዬ ውስጥ። መስኮቴን ዘግቼ።»

«ጨዋታውን አያዩም?»

«ጆሮዬን ያመኛል።»

«ድምፁን የሚያዘው ማነው?»

«እኔ። ሕዝቡ ይወዳል።»

«ሕዝቡን ጠይቀውታል?»

«ሕዝብ ይጠየቃል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

«ወደ ማሽኑ ክፍል የሚያስገባው የጓሮ በር ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔና ልጁ ጋ። ለሴትየዋ ግን ይከፍትላታል። ምን ያደክምዎታል? ብርጭቆው ይናገር የለም?»

«ይናገራል» አለች አሰገደች።

መጨረሻ ገዲሴ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ሻይ ሰጠሽው፣ እትዬ ገዲሴ?»

«አንድ። ሳይጀመር፣ ስምንት ሰዓት ላይ። ጠጥቶ ብርጭቆዬን መለሰ። ከዚያ ትሪዬን ይዤ ሕዝቡ መሃል ገባሁ። ፔርሙዜና የተረፈው ብርጭቆ እዚሁ ጓሮ ቀረ።»

«እዚያ መሆንሽን የሚመሰክርልሽ አለ?»

«ሻይ ሻጭን ማን ያያል? እጅ ነው የሚያዩት። ሦስት ልጆች አሉኝ። እኔ ታስሬ ማን ያሳድራቸዋል? ጎረቤት ስንት ቀን?»

«ልጁ ሻዩን የት ነበር የሚያስቀምጠው?»

«ስፖንጁ ላይ ነዋ! እኔው ነኝ ያመጣሁለት። ስንት ብርጭቆ አስጨረሰኝ መሰለሽ!»

አስከሬኑ ተነስቶ፣ ሐኪሙም የሚለውን ብሎ ከሄደ በኋላ፣ አሰገደች አራቱንም የማሽኑ ክፍል በር ላይ አቆመቻቸው። ከገዲሴ ፔርሙዝ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስከ ገደፉ ቀዳችና ሌላው በነበረበት ቦታ አስቀመጠች።

«ሳጅን፣ ብሬከሩን አንሳ። ኦሊያድ፣ ዘፈን ክፈት፤ ልክ እንደዚያን ሰዓት።»

ምድር የተሰነጠቀ መሰለ። ሁሉም ጆሮውን ያዘ። ብርጭቆው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ሻዩ ዘለለ፣ ከዚያ ብርጭቆው ራሱ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ጠርዙ ድረስ ሄዶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። አቶ ዳኜ ግን ብርጭቆው እስኪወድቅ አልጠበቀም፤ ጆሮውን ደፍኖ ወደ ግቢው ሮጠ። ሳጅኑ በክንዱ ይዞ መለሰው።

ድምፁ ሲጠፋ አሰገደች ቀስ ብላ ጀመረች።

«እንግዲህ ያ ሙሉ ብርጭቆ ጩኸቱ እያለ እዚያ አልነበረም። የተቀመጠው ብሬከሩ ከወረደ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ኤልያቄም ሞቷል። ሬሳ ሻይ አያዝም። ‹ገዲሴ ገብታ ነበር› ለማሰኘት ጓሮ ከቀረው ፔርሙዟ ቀድቶ ያስቀመጠው ሰው አለ።»

«ራሷስ ብታስቀምጠው?» አለ ሳጅኑ።

«ብርጭቆዋን በራሷ ላይ ልታስመሰክር? ደግሞ ይህ ጠረጴዛ ምን እንደሚያደርግ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስፖንጁን ያመጣችው እሷ ናት። ከድርና ኦሊያድ ያን ጊዜ ሕዝብ ፊት ነበሩ። ቁልፍ ያለው፣ ብሬከሩን አውርዶ ብቻውን የገባው አንድ ሰው ነው። በዚህ ጩኸት ውስጥ አንድ ሻይ የሚያስጨርስ ጊዜ ተቀምጦ ስለማያውቅ፣ ብርጭቆ እዚህ እንደማይቆም አላወቀም። ጨምሩ እያለ የሚያዘው ግን እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ አቶ ዳኜ ዞሩ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ድምፁን ቀነሰ። ቆይቶ መልሶ የጨመረው እጅ ከቀዩ ፕላስተር አልፎ እስከ ጥጉ ገፋው፤ ባለሙያ እንዲያ አያደርግም። መኪናዎ ውስጥ ሆነው በምን ሲያዙት እንደነበር ልይ፤ ስልክዎን ይስጡኝ።»

አቶ ዳኜ የሟቹን ስልክ ወስዶ ደብቋል፤ የራሱ ግን ከነመልእክቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ብልጠቱ እስከዚያ ድረስ ነው። አሰገደች ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች። «‹ጨምር።› ‹ጨምር።› ‹ጨምር አልኩህ!› ይህ የእርስዎ ነው። የልጁ መልስ ደግሞ ይኸው፤ ‹ግራ ጆሮዬ መስማት ካቆመ ወር ሆነው። ቀንሻለሁ። ካላመኑኝ ገብተው ይስሙት።›»

አቶ ዳኜ በመሐረብ ግንባሩን ጠረገ።

«ልገድለው አልነበረም። በገዛ አዳራሼ ሊያዘኝ? አንዴ ነው የገፈተርኩት።»

«ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር ይላል።»

«ይጮህ ነበር» አለ አቶ ዳኜ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ሰው ይሰማዋል ብዬ ነው ትቼው የወጣሁት።»

አሰገደች እርስዎ ማለቷን እዚያ ላይ ተወች።

«ድምፁን እስከ ጥጉ ከፍተህበት?»

ከድር ፊቱን አዞረ። ኦሊያድ የተጎደጎደውን ጣውላ እያየ አፉን በመዳፉ ሸፈነ፤ ለአንድ ጊዜ የሚያስተዋውቀው አጣ።

ሳጅን ሬድዋን ካቴናውን ከገዲሴ እጅ ፈትቶ አቶ ዳኜ እጅ ላይ አጠለቀ። ከዚያ ተመልሶ እሷ ፊት ቆመ። የእጇ አንጓ ቀልቷል። አንገቱን ደፍቶ፣ ከከንፈሩ በማያልፍ ድምፅ፣

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለ።

ገዲሴ ከእግር ጥፍሩ እስከ ቆቡ አየችው።

«አልሰማሁህም» አለች። «ጮክ በል።»