የነፍስ አባትሽ ማነው?

እሑድ ጠዋት መቐለ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ኣኽበረት ገዛኢ ሱሪ ለብሳ እንዳ ኢየሱስ የሚባለውን ዳገት ትወጣለች። እንዲህ ስታደርግ ሦስት ዓመት አለፋት፤ ያያት ሁሉ ለጤናዋ የምትሮጥ ይመስለዋል። እሷም አታስተባብልም።

ወንድሜነህ የተዋወቃት እዚያ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል። አንድ እሑድ ዳገቱ ላይ ካለው አሮጌ ምሽግ ግርጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በትግርኛ ስታወራ አያት። መንገድ ሊጠይቃት ፈልጎ ራቅ ብሎ ጠበቃት።

«ስልክሽን እስክትጨርሺ ብዬ ነው» አላት።

«ስልኬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነበር?»

«ከእግዚአብሔር ጋር» አለችው፤ ከጎረቤት ጋር ያለች ያህል ቀለል አድርጋ።

ወንድሜነህ ሳቀ። እሷ ትኩር ብላ አየችው፤ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ልቡን የያዘው ያ እይታ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ዳገቱን ወጣ፤ ከዚያም በኋላ አላቋረጠም።

«አንተ ቅዳሴ ትሄዳለህ፣ እኔ እዚህ እመጣለሁ» አለችው አንድ ቀን። «አያጣላንም?»

«ቅዳሴ ቆሜ አንቺን ሳስብ እያረፈድኩ፣ በምን አፌ እጣላሻለሁ?»

እጇን መጀመሪያ የያዘው ያን ቀን ነው።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። ችግሩም የመጣው እዚህ ላይ ነው። አባቷ አቶ ገዛኢ የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ ጋብቻ ሲነሳ ከዘርም ከሥራም አስቀድመው የሚጠይቁት የነፍስ አባትን ነው። የነፍስ አባት የሌለውን ሰው እንኳን ለዝምድና ለጉርብትናም አይፈልጉትም። ኣኽበረት ደግሞ የላትም። አባቷ ጾሟን እያዩ አላት ብለው ያምናሉ እንጂ ጠይቀዋት አያውቁም።

«ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ከሰጡን በኋላ ብትነግሪያቸውስ?»

«እኔ የምሰረቅ ዕቃ ነኝ?»

ፍቅር ሰውን ያጀግናል ይላሉ፤ ይህን ልጅ ግን አስፈራው። ሳይነግራት ሓድነት ሰፈር ወደሚኖሩት ደግ ካህን ወደ ቀሺ ስብሓት ሄደና የንስሐ ልጃቸው እንድትሆን ስሟን ሰጣቸው። ልጅቷ ዓይን አፋር ናት፣ ኋላ ራሷ ትመጣለች አላቸው። እሳቸውም ለእጮኛው ነፍስ የሚያስብ ወጣት አገኘሁ ብለው ደስ አላቸው፤ ሽምግልናው ላይ ሊገኙም ቃል ገቡ።

ቀኑ ደረሰ። በወጉ አግቢው ሽምግልና አይሄድም፤ ወንድሜነህ ግን ከተማውን ለማያውቁት አጎቱ ለጋሽ በላቸው መንገድ ሊያሳይ መጥቶ በአቶ ገዛኢ ሳሎን በር አጠገብ ተቀምጧል። ለእንግዶቹ ሲባል ንግግሩ በአማርኛ ሆነ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አቶ ገዛኢ ልጃቸውን አስጠሩ።

«የልጁን የነፍስ አባት ደብረ ብርሃን ደውዬ አጣርቻለሁ» አሉ። «የጓለይን፣ የልጄን ግን እኔም አላውቅም። ማናቸው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ቀሺ ስብሓት ፈገግ ብለው። «ኣኽበረት የንስሐ ልጄ ናት።»

የሁሉም ፊት ፈካ። ራሷን አንዴ ብትነቀንቅ ምርቃቱ ይወርድላት ነበር። ኣኽበረት ወንድሜነህን አየችው፤ አንገቱን ደፋ። ያኔ ገባት፣ ደሟም ፈላ።

«ቀሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ከእርስዎ ጋር ዛሬ ገና መተያየታችን ነው። እኔ የነፍስ አባት የለኝም።»

ጋሽ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወንድሜነህ ብድግ አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ አታውቅም፤ ቀሺንም ያታለልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ካንተ ጋር ኋላ እንተያያለን» አለችው ዞር ሳትል።

የአቶ ገዛኢ ፊት ጠቆረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አደይ ከሞተች ጀምሮ፣ ኣቦይ። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት የጠፋ ጊዜ፣ እርስዎ ምሕላ ላይ ሲውሉ እኔ እናቴ አልጋ ሥር ተቀምጬ በራሴ ቃል ጸለይኩ። አልዳነችም። እኔ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔርን በሌላ ሰው በኩል ላናግረው አልቻልኩም። ከሃዲ ካሉኝ ይበሉኝ። ለእኔ ክህደት የሚሆንብኝ የሌለኝን አለኝ ማለት ነው።»

«የፈለግሽውን አድርጊ» አሉ አቶ ገዛኢ። «አልከለክልሽም። አልመርቅሽምም።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሱ ሲሉ ኣኽበረት «ተቀመጡ» አለች። ሴት ልጅ ሽማግሌን እንዲህ አታዝም፤ እነሱም ከድንጋጤ የተነሳ ተቀመጡ።

«እርስዎ ካልመረቁኝ እኔ እጸልያለሁ፣ ኣቦይ። ሰምተው ይፍረዱ።»

ወደ ምሥራቅም አልዞረች፣ ድምጿንም አልለወጠች። ከሰው ፊት ስትጸልይ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጌታዬ» አለች። «አባቴ ተቆጥቶኛል፤ የሚቆጣኝ ስለሚወደኝ ነው። እኔ ይህን ሰው አገባዋለሁ፣ ፈሪ ቢሆንም።» አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ዋጠ። «እኔ ከሄድኩ አባቴ ራቱን የሚበላው ብቻውን ነው። አንተ አብረኸው ተቀመጥ። ጉልበቱን ሲያመው ለሰው አይናገርም፤ አንተ ጠይቀው። እሱ እኔን ባይመርቀኝም አንተ እሱን ባርከው።»

«አሜን» አለ አንድ ድምፅ።

ከሽማግሌዎቹ አልነበረም፤ ከቀሺ ስብሓትም አልነበረም። አቶ ገዛኢ ናቸው። ስልሳ ዓመት አሜን ሲል የኖረ አፍ አምልጧቸው ይሁን ከልብ፣ ማንም ሊጠይቃቸው አልደፈረም። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ጋሽ በላቸው ጊዜ አላጠፉም። «አቶ ገዛኢ፣ አሜን ብለዋል» አሉ።

«ብያለሁ፤ መልሼ አልውጠውም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የነፍስ አባቱ ነገር ግን ገና ነው።»

«አልቋል፣ ኣቦይ።»

አባትና ልጅ ተፋጠጡ፤ ቀድመው ዓይናቸውን የሰበሩት አባት ናቸው። ከዚያ ወንድሜነህን በጣታቸው ጠሩት።

«አንተ ውሸታም፣ ከዚያ በር ተነስና እዚህ ከጎኔ ተቀመጥ» አሉት። «ከዛሬ ጀምሮ ራት የምትበላው እዚህ ነው።»