አቶ አልደረሱም

ዳኛው አንዴ ከፈረዱ ፈረዱ ነው። ጡረታ ወጥተው ካባቸውን ከሰቀሉ በኋላ እንኳ ፍርድ አልተዋቸውም፤ ችሎት ቢያጡ በቤታቸው ሰው ላይ መፍረድ ቀጠሉ። በአንድ ልጃቸው ላይ የፈረዱት ግን ገና በተወለደች ሳምንት ነበር። አውራ ጣት የሚያህሉ የትምባሆ ጥቅሎች፣ ሲጋር የሚባሉት፣ የተደረደሩበት የሚያምር ሣጥን ገዝተው መጡና፣ «ይህ የሚጨሰው በሰርጓ ቀን ነው። ይህ ሳይጨስ ሰርግ የለም» አሉ።

ልጅቱ አደገች፣ ተማረች፣ ፋርማሲስት ሆነች። ሰርጉ ግን ቀረ። እናቷ ስትሞት ሣጥኑም ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ተረሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለአባቷ ወዳጅ ልጅ፣ ለአንድ ተቋራጭ «እሺ» አለች። እሺ ያለችውም ወዳው ሳይሆን እንቢ ማለት ሰልችቷት ነው። ዳኛው ያን ዕለት ሣጥኑን አስወርደው ከፈቱት። ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ ሲጋሮቹ ደርቀው ማገዶ ሆነዋል።

«አስጠግኚው» አሏት። «የሰርግሽ ቀን የሚቆረጠው ሲጋሮቹ ለመጨስ ሲደርሱ ነው።»

ሣጥኑን አቅፋ የሄደችው አሮጌ ዕቃ ወደሚጠግን አናጢ ነበር። ይህ ሰው በሥራው ቀልድ አያውቅም። ከእንጨት ውጭ ባለው ነገር ሁሉ ግን ፈሪ ነው፤ ይህን ከአሁኑ ማወቅ ይጠቅማል።

አናጢው አንዱን ሲጋር አንስቶ ጆሮው ሥር በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ እንደሚሰማው ተንኮሻኮሸ።

«ሞተዋል?» አለችው።

«ተጠምተዋል።»

«ታዲያ ውሃ ያጠጧቸዋ!»

«ባንዴ ከጠጡ ያብጡና ቆዳቸው ይተረተራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም? መጀመሪያ ሣጥኑ ይጠጣል፤ ከዚያ እነሱ ከሣጥኑ ትንሽ ትንሽ ይጠጣሉ። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ያሻግታቸዋል። የተጣራ ውሃ ነው የሚያስፈልገው።»

«እሱስ እኔ ጋ ሞልቷል። ፋርማሲ ነው የምሠራው። እያመጣሁልዎት እሄዳለሁ።»

የተጣራ ውሃ ከአናጢው ደጃፍ ማዶ ባለው ፋርማሲም ይሸጣል። እሱ ያውቃል። እሷም ስትገባ ታፔላውን አይታዋለች። አንዳቸውም ግን አላነሱትም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት የእሷ ሆነ። እሱ ስንጥቁን በኮላ ሞልቶ ሲያጠብቅ፣ የዛገውን ማጠፊያ ሲፈታ፣ እሷ የእንጨት ፍቅፋቂ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። የሣጥኑን የውስጥ ሳንቃ ውሃ በነካው ጨርቅ ሲጠርግ የተኛው የእንጨት ሽታ ተነሥቶ ክፍሉን ሞላው። በትንሽ ሳህን ውሃ አስቀምጦ ክዳኑን ዘጋው፤ በሳምንቱ ሲከፍቱት ውሃው ጎድሎ ነበር።

«ጠጣ!» አለች እንደ ሕፃን እያጨበጨበች።

ክዳኑ አየር እንደማያስገባ ለማወቅ ቁራጭ ወረቀት አፉ ላይ ይዞ ዘጋበት። ወረቀቱ ተስቦ ከወጣ ሥራው አልተሠራም ማለት ነው። እሷ ትንፋሿን ውጣ፣ «ጎትተው እስቲ!» አለችው።

አናጢው እጁ ወረቀቱ ላይ ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ነበሩ።

«ይቅርታ» አለች ፊቷ ቀልቶ፤ «ይጎትቱት ማለቴ ነው።»

«የለም» አላት፤ «ጎትተው ይሻላል።»

ጎተተው። ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። አሳሳቃቸው ለወረቀት የሚሳቅ ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ሲጋሮቹ ወደ ሣጥናቸው ገቡ። በሳምንት በሳምንቱ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ እያደረገ ያገላብጣቸዋል። እሷም ገና ከበሩ፣ «ደረሱ?» ትላለች።

«አልደረሱም። ትንሽ ይቀራቸዋል።»

መጀመሪያ መጀመሪያ እውነቱን ነበር። በኋላ ግን ደረሱ። ጫን ሲሏቸው ለስለስ ብለው ይመለሳሉ፣ ጆሮ ሥር ሲያሿቸው ድምፅ የላቸውም። አናጢው ይህን እያወቀ «አልደረሱም» አለ። እሷም ያን ቀን አንዱን አንስታ በጣቷ ጫን አደረገችው፣ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ከዚያ ቀና ብላ ብዙ አየችው።

«ልክ ነህ» አለችው። «አልደረሱም።»

ሌላ ወንድ ቢሆን እዚያው እጇን ይይዝ ነበር። የኛ ሰው ግን ሲጋር አገላበጠ። እንዲህ ያለውን ሰው መምከር በከንቱ መድከም ነው።

«ጨርሶ ባይደርሱስ?» አለችው አንድ ቅዳሜ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

«እንቁላሉን ተወው። ስለ ራስህ ንገረኝ። የምትለኝ ነገር የለህም?»

«አለኝ» አለ። «በሚመጣው ቅዳሜ።»

«በሚመጣው ቅዳሜ» አለች፤ እየሮጠች ነው የወጣችው።

ከቅዳሜ በፊት ግን ዳኛው መጡ። ሳይጠይቁ ሣጥኑን ከፈቱ፣ አንዱን ሲጋር ጆሯቸው ሥር አሹት፣ አሸተቱት፣ መለሱት።

«ደርሰዋል» አሉ።

«ትንሽ ይቀራቸዋል፣ ክቡር ዳኛ።»

«ስንት ሌባ ፊቴ ቆሞ እንደዋሸ ታውቃለህ? እንዳንተ ግን አያያዙ የጠፋው አላየሁም።» በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። የተቆጡ አይመስሉም። «ልጄን ወደሃታል።»

አናጢው አንገቱን ደፋ።

«አልፈርድብህም። አዘንኩልህ እንጂ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኛ ቤት ምን ተብለህ እንደምትጠራ ሰምተሃል?»

«ምን ተብዬ?»

«አቶ አልደረሱም። ስሙን ያወጣችልህ እሷ ናት። ገበታ ላይ እንዳንተ አንገቷን ሰበር ታደርግና ‹ትንሽ ይቀራቸዋል› ትላለች። እጮኛዋ እንባው እስኪመጣ ይስቃል።»

አናጢው አመናቸው። ስሙ የእሷ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ሌላ ማንም ሊያወጣ አይችልም። ድምፅዋ ሳይቀር ተሰማው።

«ክብር ያለህ ሰው ትመስላለህ» አሉ ዳኛው ሲነሡ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው። «መድረሳቸውን በራስህ አፍ ንገራት።»

ቅዳሜ መጣች። ያን ቀን ውሃ አልያዘችም። ፀጉሯን ተሠርታ፣ እጇን ባዶ አድርጋ ነው የመጣችው። ሣጥኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ደርሰዋል» አላት ቀና ሳይል።

ሳቀች። «ማን? እነሱ ወይስ እኔ?»

«ሁላችሁም። ይውሰዷቸው።»

«ይውሰዷቸው?» አለች። ሳቁ ገና ከፊቷ አልሄደም። «እርስዎ ሆንኩ?»

የጨርቁን ቋጠሮ አጠበቀ።

«ዛሬ የምትነግረኝ ነገር ነበረህ እኮ።»

«ነገርኩዎት። ደርሰዋል። እንኳን ደስ አለዎት።»

ቆማ ጠበቀችው። ከበቂ በላይ ጠበቀችው። አናጢው መላጊያውን አነሣና መላግ የማያስፈልገው ሳንቃ ላይ ይጎትተው ጀመር፤ ቀና ሲል በሩ ክፍት ነበር፣ ሣጥኑም እሷም የሉም።

የሰርጉን ጥሪ ያመጣለት የዳኛው ሾፌር ነው። «ሲጋሩን የሚያድለው የሠራው ባለሙያ ይሁን ብለዋል» አለው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አናጢው ያለችውን አንድ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሄደ። የሳቁበት ሁሉ አንገቱ ቀና እንደሆነ እንዲያዩ ፈለገ። ኩራት ሞኝን የሚያስኬደው እንዲህ ነው።

አዳራሹ ሞልቷል። ዳኛው ገና ሲያዩት፣ «ይኸው ባለሙያው! ለሙሽራው እሳቱንም እሱ ይለኩስለታል!» አሉ ጮክ ብለው። ሣጥኑን ይዞ በየገበታው ዞረ። መጨረሻ ሙሽሮቹ ፊት ደረሰ። ሙሽራው አጠገቡ ካለው እንግዳ ጋር ስለ ሲሚንቶ እያወራ፣ ሳያይ አንዱን አነሣ።

«አቶ አልደረሱም» አለች ሙሽሪት ቀስ ብላ።

አናጢው ሳቁን ጠበቀ። ሙሽራው ግን ግንባሩን ቋጥሮ ዞር አለ። «ማን ነው ደግሞ አልደረሱም?»

«ማንም» አለችው። ሙሽራው ወደ ሲሚንቶው ተመለሰ።

አናጢው ክብሪቱ በእጁ ቀረ። እንባው እስኪመጣ ይስቃል የተባለው ሰው ስሙን ጨርሶ አያውቀውም።

«ስሙን የነገርኩት ለአባቴ ብቻ ነው» አለችው፣ ከንፈሯ ሳይነቃነቅ ማለት ይቻላል። «እግራቸው ላይ ወድቄ ነበር። ‹አቶ አልደረሱም እወድሻለሁ እስኪለኝ ድረስ ሰርጉን ያቆዩልኝ፤ ቅዳሜ ይነግረኛል› ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። ቅዳሜ መጣሁ።»

አፉን ከፈተ።

«አናጢ!» አሉ ዳኛው ከማዶ። «እሳት!»

ሙሽራው ሲጋሩን በጥርሱ ነክሶ ፊቱን አቀረበለት። አናጢው ክብሪቱን ጫረ። የለመደ እጅ በክፉ ቀንም ሥራውን አይስትም። እሳቱ ዳር እስከ ዳር እኩል ያዘ። የዚያ ሁሉ ዓመት ሽታ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ማለፊያ ሥራ ነበር።

ሙሽራው ሁለቴ ሳብ አደረገና አሳለው። «ይሄ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ያስጠበቀን?» አለ። ሲጋሩን የውሃ ብርጭቆው ውስጥ ነከረው። ቸስ አለ፣ አበጠ፣ ቆዳው ተተረተረ።

አናጢውም ሙሽሪትም አዩት።

ሙሽሪት እጇን ዘርግታ ከሣጥኑ አንድ ሲጋር አነሣች። ጆሮዋ ሥር፣ ከነጩ መሸፈኛዋ ስር፣ አሸት አሸት አደረገችው። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ወደ ቦታው መለሰችው።

«እውነትዎን ነው» አለችው። «ደርሰዋል።»

ክዳኑን እሷው ዘጋችው፤ እፍ ብሎ ጥብቅ አለ። አናጢው ሣጥኑን አቅፎ ወደሚቀጥለው ገበታ ሄደ።