የተቀበረው በርሜል

ኑርሁሴን መጀመሪያ ዓፊያ ዘንድ የመጣው ዕቃ ሊዋስ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነበር፤ ዓፊያ ከሚሴ ውስጥ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። አንድ መለሎ ወጣት በቤተ ሙከራው በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህርት። ጨፋ ውስጥ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነኝ። የመድኃኒት መለኪያችን ተሰብሮብን ነው፤ አንድ ቢያውሱኝ ብዬ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ከተሰበረ ወዲህ በምን ስትለካ ነበር?»

«በጠርሙሱ ክዳን።»

«የሁሉም ጠርሙስ ክዳን እኩል ነው እንዴ?»

ወጣቱ አቀረቀረ። «አይደለም። ያመጣኝም እሱ ነው።»

ማፈሩ ደስ አሰኛት። እንደ ምንም ቀባጥሮ ማለፍ ይችል ነበር። ሁለት ብርጭቆ አነሳችና አንዱን እስከ አፉ፣ ሌላውን እስከ ግማሹ ውሃ ሞላች። በሁለቱም ላይ ሐምራዊ ፐርማንጋናት አንድ አንድ ጠብታ ጣል አደረገች። ሙሉው ብርጭቆ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ፤ ግማሹ ደመቀ።

«ጠብታው ያው ነው» አለችው። «መድኃኒትም መርዝም የሚያደርገው የውሃው ልክ ነው። ሰው ግን መድኃኒቱን ይለካል፣ ውሃውን ይገምታል።»

ኑርሁሴን የሚያየው ብርጭቆውን አልነበረም። እሷም አወቀችበት፤ ሻርፗን አስተካክላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

መለኪያውን ሊመልስ መጣ። እንደገና ሊዋስ መጣ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ መለኪያ ከገዛለት በኋላም ሊዋስ መጣ፤ ያኔ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላስፈለገውም። ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ሲሄድ ክፍሉ ጭር ይልባት ነበር።

ሚያዝያ ሲገባ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። የዓፊያ አባት አቶ አብዶ ጨፋ ላይ ከብት የሚያረባ፣ ሚስቱ መሊካ ከሞተች ጀምሮ አንድ ልጁን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። የወጣቱ ሐሳብ ጆሮው ደርሶ ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ እሱ ራሱ አስጠራው።

«ከብቶቼን መዥገር ጨረሳቸው» አለው። «ና እስቲ፣ እጅህን እንየው።»

ግቢው ውስጥ እስከ አፉ ድረስ መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት በርሜል አለ፤ የብርቱካን ችግኝ የሚጠጣው ከእሱ ነው። ውሃው ከቦርከና ቦይ በሞተር እየተሳበ በጎማ ይገባል።

«ስንት ይይዛል?» ሲል ጠየቀ ኑርሁሴን።

«ባለ ሁለት መቶ ሊትር ነው። ከከሚሴ ገዝቼ በጋሪ ያመጣሁት እኔው ነኝ።»

ኑርሁሴን ለሁለት መቶ ሊትር የሚበቃውን መድኃኒት ጠብታ ሳያዛንፍ ለክቶ ጨመረ። በርሜሉ እስከ አፉ ሲሞላ አማሰለው፤ በጀርባ መርጫው እየቀዳም ከብቶቹን አንድ በአንድ ረጨ። አቶ አብዶ ሥራውን አይቶ በሆዱ ልጁን ዳረ።

ከቀትር በኋላ ጥጆቹ አረፋ ያዝረበርቡ፣ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ኑርሁሴን የመርዝ ማርከሻ መርፌ ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጠ። አብዛኞቹን አተረፈ። ሁለት ጥጆችና ለመውለድ የቀረበችው ጊደር ግን ሲነጋ ሞተው ተገኙ።

አቶ አብዶ አልጮኸም። ከበረቱ ደጃፍ ሆኖ፣ ወሬውን ሰምታ የመጣችውን ዓፊያን እያየ «ከብቴን የገደለ እጅ ልጄን አይነካም» አለ። ሽማግሌዎቹም እንዳይመጡ ተላከባቸው።

ሰኞ ኑርሁሴን ቤተ ሙከራው ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዓፊያ። ምኑ ላይ እንደሆነ ግን ወላሂ አላውቅም። ወደ ባቲ ዝውውር ጠይቄያለሁ። እዚህ ማን ከብቱን ያምነኛል? እኔስ እጄን እንዴት አምናለሁ?»

ዓፊያ ጠመኔ አነሳች። የመድኃኒቱን መጠን፣ የውሃውን መጠን ሰሌዳው ላይ ጽፋ አካፈለች። ሰርዛ እንደገና ሠራችው።

«ስሌትህ ልክ ነው።»

«እንስሶቹ ግን ሞቱ።»

ዓፊያ ጣቷን ሰሌዳው ላይ ካለው የውሃ መጠን ላይ አሳረፈች። መጠየቁ እያስፈራት፣ «ውሃውን ለካኸው?» አለች።

«አባትሽን ጠየቅኳቸው።»

«ጠየቅክ እንጂ አልለካህም።»

ፊቱ ሲለወጥ አየች። በገዛ ቃሏ እንደወጋችው ገባት፤ መመለስ ግን አልቻለችም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ባቲ ቢሄድ ጥርጣሬው አብሮት ይሄዳል፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ አባቷንና እሱን እያማች ትኖራለች።

ቅዳሜ አባቷ ግቢ ገባች። በርሜሉን አጥባ ባዶ ካደረገችው በኋላ በባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ትሞላው ጀመር። አምስተኛው ላይ ውሃው አፉን አልፎ ፈሰሰ። አስር መያዝ ነበረበት። ረጅም እንጨት ሰደደችበት፤ እንጨቱ ገና ግማሽ ላይ ቋ ብሎ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አባቷ ከኋላዋ ቆሟል።

«ውሃ እየለካሁ ነው፣ አባ። የዚህ በርሜል ግማሹ የለም። መድኃኒቱ በግማሽ ውሃ ነው የተቀመመው።»

አቶ አብዶ እንጨቱን ተቀብሎ እሱም ሰደደው። ድንጋይ ነካ። ደጋግሞ ወጋው፤ ከዚያ እንጨቱን ለቀቀና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ያ ረቢ» አለ በቀስታ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ድንጋዩን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ገና ድክ ድክ ስትዪ። ወድቀሽበት እናትሽ በእግርሽ ጎትታ አወጣችሽ። እኔ ሰንበቴ ገበያ ነበርኩ። ስመጣ መሊካ አቅፋሽ ትንቀጠቀጣለች። በዚያው ቀን ግማሹን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንኩት፤ ዳግመኛ ብትወድቂ እግርሽ መሬት እንዲያገኝ ብዬ። እሷ ሞተች፣ አንቺ አደግሽ፣ እኔም ረሳሁት። በአፌ ላይ ግን ባለ ሁለት መቶ እንደሆነ ቀረ።»

ዓፊያ አጠገቡ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፍቅሯን ሊያፈርስባት የደረሰው ድንጋይ በሕይወት እንድትኖር የተቀመጠ ድንጋይ ነበር። በማን ትቆጣ?

ኑርሁሴን ተጠርቶ መጣ። አቶ አብዶ ሁሉንም ነገረውና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለአገሩም እነግራለሁ» አለው።

«የለም፣ አባባ» አለ ኑርሁሴን። «እርስዎ ረሱ። እኔ ግን አንድ እንጨት ብሰድ አውቀው ነበር። ሥራዬ መለካት ነው፤ አልለካሁም።»

አቶ አብዶ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየው።

«ነጻ ነህ እያልኩህ?»

«እንስሶቹ በእጄ ነው የሞቱት።»

ሽማግሌው ከመሬት ሊነሳ እጁን ዘረጋ። ኑርሁሴን ያንን እጅ ይዞ አነሳው። አቶ አብዶ ከተነሳም በኋላ አልለቀቀውም። «ሽማግሌዎችህን አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ላካቸው» አለ።

በኒካው ቀን ሙሽራዋ መህሯን፣ ከሙሽራው የምትፈልገውን ስጦታ፣ ተጠየቀች። ዘመዱ ሁሉ ወርቅ ይጠብቃል። «አንዲት ጊደር» አለች ዓፊያ። ሴቶቹ ተያዩ፤ ኑርሁሴን ብቻ ቀና ብሎ አያት።

ጊደሯ ከሰንበቴ ተገዝታ መጣች። ከሠርጉ በኋላ ዓፊያ ራሷ አባቷ ግቢ ድረስ ነድታ ገመዷን እጁ ላይ አኖረችለት። አቶ አብዶ ገመዱን ጨበጠ። ፊቱን ወደ ጊደሯ መልሶ፣ እንደ ልማዱ፣ ጆሮዋን ገልጦ ያይ ጀመር።

«መዥገር አለባት» አለ። «ኑርሁሴን፣ በል መድኃኒትህን አምጣ። ውሃውን እኔ በጀሪካን እሰፍርልሃለሁ።»