ሾላ፣ ዋርካ ወይስ ዝግባ?

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ የዘጠኝ ጦጣዎችን ነገር ነው።

ዘጠኙ ጦጣዎች አንድ ትልቅ ግራር ላይ ይኖሩ ነበር። ቀን ቀን ይዘላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ማታ ማታ ደግሞ እቅፍቅፍ ብለው ይተኛሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ መጣ። ሹሹሹ! ግራሩ ተንገዳገደና ቋ! ቋ! ገንደስ አለ።

ጦጣዎቹ ሣሩ ላይ ተበተኑ። ዘፍ! ዘፍ! ዘፍ!

ተመስገን ነው፣ ክፉኛ የተጎዳ የለም። የትንሹ የድንቡሽ እግር ብቻ ወለም አለው።

ድንቡሽ የሚጢ ታናሽ ወንድም ነው። ሆዱ ድብልብል፣ ጉንጩ ድብልብል፤ ካገኘ ይበላል፣ ካላገኘ ይፈልጋል።

ሚጢ እግሩን እፍ፣ እፍ አለችለት። አይዞህ፣ ይድናል አለችው።

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ጦጣዎቹ ግን ማደሪያ የላቸውም።

ማታ ነብር ይመጣል። ነብር ደግሞ ብቻውን ያደረ ጦጣ ይወዳል። ስለዚህ ጦጣዎች ሁልጊዜ አንድ ዛፍ ላይ፣ አንድ ላይ ነው የሚያድሩት።

ግን የትኛው ዛፍ ላይ?

ጋሼ ዘላዬ ቶሎ ብሎ ተነሣ። ጋሼ ዘላዬ ከሁሉም በላይ ይዘላል፤ ይህንንም ሁሉም እንዲያውቅለት ይፈልጋል።

ዝግባው ላይ እንውጣ አለ፤ ሦስት ጓደኞቹም ደገፉት። ዝግባው ከወንዙ ማዶ ነው። ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ የወጣን ሰው ነፋሱ ሽው፣ ሽው እያደረገ ያወዛውዘዋል። ይቅርታ፣ ሰው አልኩ እንዴ? ጦጣን ማለቴ ነው።

ሚጢ ሾላው ይሻላል አለች። ሾላው እዚሁ ቅርብ ነው። ጠዋት ዓይን ሲገለጥ ፍሬው አፍ ላይ ነው።

እናቷ ዋርካውን ፈለገች። ዋርካውም እዚሁ ቅርብ ነው። ቅርንጫፉ ሰፊ ነው፤ ቅጠሉ ዝናብ አያስገባም።

«ዝግባ!» «ሾላ!» «ዋርካ!» «ዝግባ!» «ሾላ!» «ዋርካ!»

ጫጫታው ለጉድ ነው። ጦጣ መቼም ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅበትም።

ሚጢን ግን አንድ ነገር ጨነቃት። ወንዙ ሞልቷል። ዝግባው ጋ ለመድረስ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ፣ በወንዙ ላይ እመር ብሎ መዝለል ያስፈልጋል። ድንቡሽ በዚያ እግሩ እንዴት አድርጎ ይዘላል?

እናቱ አዝላው ሞከረች። እመር! ዘፍ! ሁለቱም ሣሩ ላይ ተዘረጉ። ልጁ ከባድ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሚጢ ወደ ጋሼ ዘላዬ ሄዳ፣ ድንቡሽስ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀችው። እሱም ዛሬ ከእናቱ ጋር እዚህ ይደር፣ እግሩ ሲድን ይከተለናል አላት።

እዚህ? ብቻቸውን? ነብር እየመጣ? ሚጢ ክው አለች።

ይኼኔ እማማ ግራጫ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እህህም! እማማ ግራጫ የሁሉም አያት ናቸው። እሳቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሁሉም ጭጭ ይላል።

በጩኸት ዛፍ አይመረጥም አሉ። እያንዳንዱ ጦጣ ሦስት ነገር እንዲይዝ አዘዙ። አንድ ቀጭን የዝግባ ቅጠል፣ አንድ ሰፊ የዋርካ ቅጠል፣ አንድ ቀይ የሾላ ፍሬ።

የዝግባውን ቅጠል ጋሼ ዘላዬ ወንዙን ተሻግሮ ለሁሉም አመጣ። እመር! ሄደ። እመር! መጣ። አያችሁኝ ወይ እያለ ዞር፣ ዞር አለ።

«አሁን በሰልፍ ደርድሯቸው» አሉ እማማ ግራጫ። «በጣም የምትወዱትን ዛፍ ፊት። ቀጥሎ የምትወዱትን መሐል። የማትፈልጉትን ኋላ።»

ቀጥለውም ሕጉን ተናገሩ። ዘጠኝ ነን፤ አምስት ጦጣ ፊት ያስቀመጠው ዛፍ ያሸንፋል። አምስት ያገኘ ከሌለ፣ ትንሽ ያገኘው ዛፍ ከሰልፉ ይወጣል። ከዚያ እንደገና እንቆጥራለን።

ሁሉም እሺ አለ። ጋሼ ዘላዬም እሺ አለ። ልጆች፣ ይህቺን ያዙልኝ፤ እሱም እሺ ብሏል።

ሚጢ ደረደረች። ፊት ሾላ፣ መሐል ዋርካ፣ ኋላ ዝግባ።

ድንቡሽም ደረደረ። ፊት ሾላ አስቀመጠ። ሾላውን አየው። ሾላው ቀይ ነው፣ ሾላው በስሏል።

ላፍ! ዋጥ!

«ድንቡሽ፣ ምርጫህን በላኸው እኮ!» አለች ሚጢ። ጦጣዎቹ ከት ብለው ሳቁ።

እማማ ግራጫ ሌላ ሾላ ሰጡትና፣ እስኪቆጠር ድረስ እንዳትነካት ብለው አስጠነቀቁት። ድንቡሽ ሾላዋን ፊቱ አደረገ። እግሩን ስላመመው ግን የቀሩት ሁለት ቅጠሎች ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠባቸው።

ቆጠራው ተጀመረ። እናንተም አብራችሁኝ በሉ፦

«ፊት ያለው ማነው? እንየው! እንቁጠረው!»

ጋሼ ዘላዬ ፊት ዝግባ አለ። ሦስቱ ጓደኞቹ ፊትም ዝግባ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

የእነ ሚጢ እናት ፊት ዋርካ አለ። እማማ ግራጫ ፊት ዋርካ አለ። አጎት እንቅልፌ እያንኮራፋ ነው፤ ተኝቶም ቢሆን ፊቱ ዋርካ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ሚጢ ፊት ሾላ አለ። ድንቡሽ ፊት ሾላ አለ። አንድ፣ ሁለት። በቃ።

ጋሼ ዘላዬ እመር ብሎ ተነሣ። እኛ በለጥን፣ በሉ ወደ ዝግባው እንሂድ አለ። ሦስቱ ጓደኞቹም ለመሄድ ተነሡ።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉ እማማ ግራጫ። «ያለህ አራት ነው። የተባባልነው አምስት ነው።»

ጋሼ ዘላዬ ጭራውን ሰብስቦ ቁጭ አለ።

ትንሽ ያገኘው ማነው? ሾላ ነው። ስለዚህ ሾላ ይወጣል።

ሚጢ ሾላዋን ትኩር ብላ አየች። ምነው ዋርካውን ባስቀደምኩት ኖሮ ብላ ተጸጸተች። ሾላዬ ወደቀ፣ እንግዲህ እኔን የሚቆጥረኝ የለም ብላ አሰበች። እንባዋ ዱብ፣ ዱብ አለ።

እማማ ግራጫ ጠጋ አሏት። «ሰልፍሽ መቼ አለቀ? ሾላሽን ብይና የቀረውን እዪ።»

ከዚያም ሾላ ከሁሉም ሰልፍ ይውጣ ብለው አዘዙ። የወጣ ሾላ ደግሞ የት ይሄዳል? ወደ ሆድ ነዋ!

ላፍ! ዋጥ! ላፍ! ዋጥ! ዘጠኙም ሾላቸውን በሉ። ድንቡሽ እንዲህ ያለ ምርጫ በየቀኑ ይኑር አለ።

ሚጢም ሾላዋን በላች። ጣፋጭ ነበር፤ እንባዋ ግን ትንሽ ጨው ጨምሮበታል።

በልታ ስትጨርስ ወደ ሰልፏ አየች። ፊት የነበረው ሾላ የለም። መሐል የነበረው ዋርካ አሁን ፊት ሆኗል።

«እንዴ!» አለች ሚጢ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

እንደገና እንቁጠር። ጮክ በሉ፦

«ፊት ያለው ማነው? እንየው! እንቁጠረው!»

ዝግባ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አልጨመረም።

ዋርካ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሚጢ ሲጨመር አራት!

አራት እና አራት። አሁን የቀረው የድንቡሽ ብቻ ነው።

ሁሉም ዞሮ ድንቡሽን አየው። ድንቡሽ ግን ቅጠሎቹ ላይ ተቀምጧል። ምንም አይታይም።

ጋሼ ዘላዬ ፈገግ አለ። ትንሽ ልጅ መወዛወዝ ይወዳል፣ መቼም ዝግባን ነው ያስቀደመው ብሎ ተስፋ አደረገ። ሚጢ ደግሞ ወንድሟ እንዴት እንደ ደረደረ አላየችም።

«ድንቡሽ፣ ብድግ በል» አሉ እማማ ግራጫ።

ድንቡሽ እናቱን ተደግፎ ብድግ አለ። ከሥሩ ሁለት የተጨፈለቁ ቅጠሎች ታዩ። አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ።

«ፊት ያለው ማነው? እንየው! እንቁጠረው!»

ኋላ ያለው ቀጭን ነው። ፊት ያለው ሰፊ ነው። ሰፊ ቅጠል የማነው ልጆች?

የዋርካ! አምስት!

ሚጢ ዘላ ወንድሟ ላይ ተጠመጠመች። አጎት እንቅልፌ ነቅቶ፣ ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቀ። ዋርካ አሸነፈ ሲሉት ጥሩ ነው አለና ተመልሶ ተኛ።

ጋሼ ዘላዬ አኮረፈ። መጀመሪያ ስንቆጥር እኮ የበዛነው እኛ ነበርን አለ።

እማማ ግራጫ ልክ ነህ አሉት። መጀመሪያ ላይ ብናቆም ኖሮ የሚያሸንፈው ዝግባ ነበር። እስከ መጨረሻው ስንቆጥር ግን፣ አራታችን ዝግባ ስንል አምስታችን ከዝግባ ዋርካ ይሻላል ብለናል። አምስት ከአራት ይበልጣል አሉ፣ ነገሩም በዚህ አለቀ።

ጋሼ ዘላዬን ግን አላስቻለውም። ወደ ድንቡሽ ጎንበስ ብሎ፣ አንተ ልጅ ዝግባን ምነው ኋላ አደረግከው አለው።

ድንቡሽ ቀና ብሎ አየው።

«ዝግባው ጋ አልደርስማ» አለ። «ጋሼ፣ እኔ እዚህ ልቀር ነበር እኮ።»

ጋሼ ዘላዬ ራሱን አከክ፣ አከክ አደረገ።

መሸ። ጦጣዎቹ ተራ በተራ ወደ ዋርካው ወጡ። ድንቡሽ ተንጠራራ፤ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ትንሽ ራቀው።

ይኼኔ ከላይ አንድ ረጅም እጅ ወረደ። የጋሼ ዘላዬ እጅ ነው። እናቱ ከታች ገፋች፣ እሱ ከላይ ሳበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦ-ስት! ሆጵ!

ጋሼ ዘላዬ ይኼ ልጅ ምን እየበላ ነው ብሎ አጉረመረመ። ግን እጁን አልለቀቀውም።

ዋርካው ሰፊ ነው፤ ለሁሉም ይበቃል። ሚጢ ድንቡሽን አቀፈች። እናታቸው ሁለቱንም አቀፈች። ጠዋት ሾላው ጋ ቁርስ እንበላለን ተባባሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጋሼ ዘላዬ ዳር ላይ ተቀምጧል። ኩርፊያው ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም። ጨረቃዋ ስትወጣ ከቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠሉትን ጭራዎች አየ። ቀስ ብሎ መቁጠር ጀመረ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ የራሱ ስምንት…

ከዚያ ቆመ። ፈለገ። ከሚጢ ጎን፣ አጭርና ወፍራም የሆነች አንዲት ጭራ አገኘ።

«ዘጠኝ» አለ በሹክሹክታ። ከዳር ተነሥቶ መጣና አጠገቧ ተኛ።

እሺ፣ እናንተም ጋደም በሉ። ማንም አልቀረም፤ ሁሉም ገብቷል።