ዱካ ጠራጊው

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ጂን እንዳለ ቁርአን ስለሚናገር አምናለሁ፣ የሞተ ሰው ተመልሶ መጣ ሲሉኝ ግን ሳቄን መያዝ አልችልም ነበር፣ ጄኔቭ ያሉ የአገሬ ሴቶች በስልክ እንዲህ ዓይነቱን ወሬ ሲጀምሩ «ድስት ጥጃለሁ» ብዬ የምዘጋባቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን የቡና ላይ ጨዋታ አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ ለዛቫንሼ በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር፣ እዚያ ትልቁ የገበያ ማዕከል አጠገብ ካሉት ባለቀለም ፎቆች በአንዱ፣ ሙሴ ሃን (ሙሴ በፈረንሳይኛ አቶ ማለት ነው) የሚባሉ ኮሪያዊ ሽማግሌ ቤት እሠራ ነበር፣ አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ያለቻቸው አንድ ሴት ልጅ ናት፣ እሷም ስዊስ አግብታ ዙሪክ ትኖራለች። ፈረንሳይኛቸው ከእኔም የባሰ ነበር፣ ስናወራ የሰማ ፈረንሳዊ ቢኖር ጆሮውን ይዞ ይሸሽ ነበር፣ እኛ ግን ወላሂ እንግባባ ነበር።

አባታቸው ወታደር ነበሩ አሉ፣ ጃፓኖች አገሩን ይዘው የኮሪያን ጦር ሲበትኑ ጠመንጃዬን አላስረክብም ብለው ዱር የገቡ። ሙሴ ሃንና ታናሽ ወንድማቸው የተወለዱት በስደት፣ ከድንበሩ ወንዝ ማዶ፣ ቻይና ውስጥ ማንቹሪያ ነው፣ ጎረምሳ ሲሆኑ እነሱም ጃፓንን ሊወጉ ጫካ ገቡ። በበረዶው ወራት እሳት ማንደድ አይቻልም፣ ጭሱን ያዩታል፣ ከጭሱ የሚብሰው ግን ዱካው ነው፣ በረዶ ላይ የሄደ ሰው የት እንደገባ ሕፃን እንኳ ይነግርበታል። ስለዚህ በአንድ መስመር ይጓዛሉ፣ የሁሉም መጨረሻ የሆነው ሰው የጥድ ቅርንጫፍ ይይዝና ወደ ኋላው እየተራመደ የሁሉንም ዱካ ይጠርጋል። ያ የመጨረሻ ሰው የሙሴ ሃን ወንድም ነበር።

«አንድ ቀን ተኩስ ሸሽተን ተራራው አናት ላይ ደርሰን ዞር ስል የለም» አሉኝ። «መጣራት ክልክል ነበር፣ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ልፈልገው ብልስ በየት በኩል እሄዳለሁ? ዱካውን ራሱ ጠርጎታል።»

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፣ እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

በእነሱ ደንብ ሰው በሞተበት ቀን ማታ ገበታ ይቀርብለታል፣ በሩም ገርበብ ይደረጋል፣ እንዲገባ። የሞተበት ቀን ያልታወቀ ሰው ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀን ይታሰባል። ሙሴ ሃን ይህን ቀን በየዓመቱ ያከብሩታል፣ ወንድማቸው ግን አንድም ጊዜ መጥቶ አያውቅም፣ እሳቸው እንደሚሉት ማለቴ ነው፣ እኔማ ማንም እንደማይመጣ እርግጠኛ ስለነበርኩ ሩዙን ቀቅዬ፣ ዓሣውን ጠብሼ፣ የኮሪደሩን ብርድ እየረገምኩ ዝም እላለሁ። ነገሩ በሆነበት ዓመት ጥቅምት ላይ ቀኑ ሲደርስ፣ ልጃቸው ዙሪክ የሽማግሌዎች መኖሪያ ውስጥ ቦታ አግኝታላቸው ሊሄዱ ነበር።

«ማዳም» አሉኝ፣ «በየዓመቱ የከፈትኩለት ይህን በር ነው፣ የዙሪኩን አያውቅም። ዛሬ ካልመጣ አብቅቷል።»

ከረመዳን የቀረብኝን ቀዷ እየጾምኩ ነበር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ በቴምር አፈጠርኩ። እሳቸው ሳሎን ሻማቸውን አብርተው፣ ማንኪያውን ሩዙ ላይ ተክለው፣ መጠጡን ራሳቸው ቀድተው (እኔ አልነካም)፣ ገበታው ፊት ተንበርክከዋል፣ ጉልበታቸው ስለሚይዛቸው እኔ ካላነሳኋቸው አይነሱም። ያን ጊዜ ነው ኮሪደሩ ላይ ሸር፣ ሸር የሚል ድምፅ የሰማሁት። የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ናት ልል ነበር፣ ግን እመኑኝ የእሷ መጥረጊያ አልነበረም፣ ይሄ እርጥብ፣ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ ነው፣ እኔ ደሴ ግቢያችንን በቅጠል እየጠረግሁ ያደግሁ ስለሆንኩ ይህን ድምፅ አልስተውም። ጠረግ ያደርጋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ጠረግ ያደርጋል፣ እንደደከመው ሰው። እኛ በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

መፍራት ነበረብኝ፣ ግን ምግብ ቀርቧል፣ ሰው ደጅ ቆሟል፣ የወሎ ሰው እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። ማን እንደሆነ እንኳ ሳላይ በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ደጅ አይቁሙ፣ ይግቡ፣ እንብላ» አልኩ።

በሩ ንቅንቅ አላለም። ብርድ ግን በቁርጭምጭሚቴ በኩል አለፈ፣ አንገቴን አስግጌ ሳሎኑን ባየው አሁን የቀረበው ሩዝ እንፋሎቱ ጠፍቷል፣ ሙሴ ሃን ብቻቸውን ተነስተው ቆመዋል። ከእሳቸው አጠር ያለ ሰው እንደሚያዩ ዝቅ ብለው እያዩ በቋንቋቸው ያወራሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እኔ ቢስሚላህ ቢስሚላህ እያልኩ ጀርባዬን ፍሪጁ ላይ ለጥፌ ቀረሁ።

ሻማው አልቆ መብራት ሳበራ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምን ብለው ጠሩት?» አሉኝ።

«እንብላ ነው ያልኩት፣ ሌላ ምንም አላልኩም።»

«እኔ አንድ ቀን እንኳ ጠርቼው አላውቅም» አሉ። «ያኔ ተከልክዬ ነው። ከዚያ ወዲህስ ማን ከለከለኝ? በር ከፍቼ ዝም እላለሁ፣ አፍሬ ነው። እሱ ትእዛዝ አክባሪ ነው፣ ካልተጠራ አይገባም።»

«ታዲያ ምን አለዎት?»

«ምንም። ለምን ጥለኸኝ ሄድክ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማው ዛሬም እርጥብ ነው።»

ልወጣ ስል የእግር መጥረጊያው ላይ የጥድ ቅጠል አገኘሁ፣ ሰፈሩ ጥድ ሞልቶታል፣ ነፋስ አምጥቶት ነው ብዬ ጣልኩት።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ልጃቸው ታመዋል ብላ ደወለችልኝ፣ በማለዳው ባቡር ዙሪክ መኖሪያቸው ሄድኩ፣ በሕይወት አልደረስኩባቸውም። ፊታቸው ላይ ሕመም አልነበረም፣ እኔ ግን እንደ አባቴ አለቀስኩላቸው።

«ማታ መስኮቱን ከፍተው ጮክ ብለው ሲጣሩ ነበር ብላ ነርሷ ነገረችኝ» አለችኝ ልጃቸው። «እሷ ቃሉ አልገባትም። ስትደግምልኝ ግን የአጎቴ ስም ነው።»

በመስኮቱ ወደ ታች አየን። ሌሊቱን በረዶ ጥሏል፣ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ዛፎቹ ድረስ በረዶው ጠበብ ብሎ ተጠርጓል፣ የሰው እግር አልረገጠውም። ልጅቷ መጋረጃውን ዘጋችው።

ወንድማቸው ወሰዳቸው፣ ተገናኙ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ወደ ትራሙ ስሄድ ጓንቴን መርሳቴ ትዝ አለኝና ዞርኩ። የእኔ ዱካ አልነበረም። ከሕንፃው በር ጀምሮ ተረከዜ ድረስ ተጠርጓል።

ጓንቴን እዚያው ትቼው ሄድኩ። በእኛ ደንብ እንግዳ የጠራ ሰው ይሸኛል፣ እኔ ያን ማታ የጠራሁትን አልሸኘሁም፣ እሱ ይሆን? ወይስ ተራው ደርሷቸው ቅርንጫፉን የያዙት ሙሴ ሃን ናቸው? አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።

አሁን እዚያው ጄኔቭ፣ ሻትሌን የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። በረዶ በጣለ ማታ ራቴን አቅርቤ ስቀመጥ ሸር፣ ሸር እያለ ደረጃውን ይወጣና በሬ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እንብላ ልል አፌን እከፍታለሁ፣ ድምፄ እሺ አይለኝም። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር፣ ጫማው የረጠበ አንድ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ያድራል።