የባለመስኮቱ አውራ ጣት

ሟቹ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሳይወርድ ነው የሞተው። ፊቱ ወደ መስኮቱ እንደ ዞረ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሮ ገብቷል። ደሙ በወንበሩ መደገፊያ ወርዶ ወለሉ ላይ ረግቷል። የተመታበት ዕቃ ከጎማው ሥር ተጥሏል፤ ምድር ቤት ካለው የሚስቱ ልብስ ስፌት ቤት የወጣ ከባድ ካውያ ነው። የመታው ሰው አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ክንዱ እስኪዝል ነው የወረደበት።

በሩ አጠገብ አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው በካቴና ታስሮ ቆሟል። እጁም እጅጌውም ደም በደም ነው።

«ጉዳዩ አልቋል፣ እትዬ» አለ ሳጅኑ። «ይሄ በያጅ ነው፤ ከከተማው ማዶ የብረት በር ይሠራል። ሚስትየዋ ለባሏ ምሳ ይዛ ስትወጣ እላዩ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ቦርሳው ውስጥ መዶሻ ይዟል። ደግሞ ሟቹ ራሱ ጠቁሞናል።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሌላው ያበጠረውን እሷ ሳትነፋ አትቀበልም ለማለት ነው።

«ሟች እንዴት ይጠቁማል?»

ሳጅኑ የራሱን ስልክ አወጣ፤ ትንሽም አፈር አለ። «እኔም ተከታዩ ነበርኩ።»

ማን ያልነበረ አለ? ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ የሰው ጽሑፍ ሲያቀና ኖሮ፣ እግሮቹ ሲከዱት ከዚህ መስኮት ሥር ተቀመጠ። ያየውን ሁሉ «ባለመስኮቱ» በሚል ስም በስልኩ ይጽፍ ጀመር። የሚጽፈው ትልቅ ነገር አልነበረም። «ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናብ ሲያባራ ለምን ይከፋዋል?» ይላል። «ሁለት ሴቶች ከተጨዋወቱበት ይልቅ የተሰነባበቱበት ረዘመ፤ እኔ በበኩሌ ልክ ናቸው እላለሁ» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ሰው ግን ከሥራው መሀል እሱን አንብቦ ፈገግ ሳይል አይውልም። ከጽሑፉ ሥር አንባቢዎቹ ይተራረባሉ፣ ይከራከራሉ፣ የታመመውን «እንዴት አደርክ?» ይላሉ። ሳይተያዩ ጎረቤት ሆነው ነበር።

የመጨረሻው ጽሑፍ የወጣው በምሳ ሰዓት ነው። «ወዳጆቼ፥ ጸሀይዋ ወጥታ መንገዱን ስታሞቀው ደስ ይላል። ከምሳ በኋላ ግን አንድ የማላውቀው ሰው ሊመጣብኝ ነው። በስልክ ድምፁ አላማረኝም።»

ከሥሩ ደግሞ ወሬው ቀድሞ ደርሷል። «ያ አውሬ ይሰቀል!» «እዚያው ሰፈር አውጥታችሁ ቀጥቅጡት!» የትናንቶቹ ቀልደኞች ዛሬ ገመድ እየፈተሉ ነበር።

ወንፊት ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ደሙ በትከሻው ወርዶ ቀኝ እጁን እስከ ጣቶቹ አልብሶታል። አውራ ጣቱ ብቻ ንጹሕ ነበር፤ እንደታጠበ ሳህን ጥፍሩ ሳይቀር ያበራል። ወለሉ ላይ ያለውን ደም በእስክሪብቶ ጫፍ ነካችው፤ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ።

ወደ በያጁ ተመለሰች። ሸሚዙ ኪስ ላይ ቢራቢሮ የመሰለ የሴት ልጅ የፀጉር ማስያዣ ሰክቷል።

«ለምን መጣህ?»

ዓይኑን ከተሽከርካሪው ወንበር አልነቀለም።

«መዶሻውስ?»

«በያጅ ነኝ።»

«የሞተ ሰው ለምን ታቅፋለህ?»

«ገና ነፍሱ ያለች መስሎኝ ነው» አለ። «እንዲናገር ፈልጌ ነበር።»

«ምን እንዲናገር?»

መንጋጋው ተቆላለፈ። ከዚያ በኋላ ቢገርፉትም እንደማይናገር ወንፊት አወቀች። የፈራ ሰው ዝምታ አልነበረም። ያደፈጠ ሰው ዝምታ ነበር።

ምድር ቤት፣ የልብስ ስፌት መኪኖቹ ቆመዋል። ባለቤቲቱ ያልተጨረሰ የሙሽራ ቀሚስ ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አጋድማ ተቀምጣለች። ታናሽ ወንድሟ ትከሻዋን ይዟል። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ እናታቸው ስትሞት በዚህች እህቱ እጅ ያደገ።

«ጠዋቱን ሙሉ ከዚህ አልተነቃነቅሁም» አለች። «ካውያውን ስፈልገው አጣሁት፤ ለጎረቤት አውሼ የረሳሁ መሰለኝ።»

«ምሳ ከማን ጋር በሉ?»

«ከሠራተኞቼና ከወንድሜ ጋር። በረዶው የበረንዳውን ቆርቆሮ ሲደበድበው መደማመጥ አቃተን። በዚያ መሀል ስልኬ ጮኸ፤ ጽሑፉን ወንድሜ አነበበልን። እሱ ምሳውን ዘግይቶ ነው የሚበላው፤ መንገዱ ሰው ሲሞላ ከመስኮቱ አይላቀቅም። ከጻፈ ደህና ነው ብዬ…»

«በቃሽ፣ እቴቴ» አለ ወንድሟ። ወደ ወንፊት ዞረ። «ያንን አውሬ እዚህ ምን ያስቆመዋል? ጋሼን ጠዋት ሰላም ልለው ብወጣ እየሳቀ ነው የተለየሁት!»

ወንፊት መንገዱን ተሻግራ መድኃኒት ቤት ገባች። ባለመድኃኒቱ ገና ሳትጠይቀው እጆቹን አነሳ።

«አውቃለሁ። ‹ባለመድኃኒቱ ለባለጠጋ አቤት፣ ለድሃ እህ ይላል› ብሎ ቢጽፍብኝ ‹ዓይንህን ነው የማወጣው› ብዬ መልሻለሁ። ንዴት ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ለሁሉም አቤት እላለሁ። ምን ላድርግ፣ ከተማው በሙሉ ጆሮውን አቁሞብኛል!»

«በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ብቻዬን። በዚያ በረዶ ዝንብም አልገባ። ጠዋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ወረፋው እስከ በር ሞልቶ እፎይ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።»

ወንፊት ፈገግ አለች። «ጠዋት ቢሆን በእርግጥ ይሻልህ ነበር።»

ከዚያ የሳጅኑን ስልክ ተቀብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና የባለመስኮቱን ገጽ ወደ ኋላ ታነብ ጀመር። ትናንት ላይ ስትደርስ አንድ ነገር አደናቀፋት። አንዲት አንባቢ «ለሌላኛውም ዓይኑ መነጽር ይግዛለት!» ብላ ስቃለች፤ ያሳቃት ጽሑፍ ግን የለም። ከቦታው ተሰርዟል። ወንፊት ሴትዮዋን አፈላልጋ ደወለችላት።

«እንዴ፣ እሱማ እንዴት ይጠፋል?» አለች ሴትዮዋ እያለቀሰች። «ለባሌ ልኬለት ነበር። አሁኑኑ ይደርስሻል።»

ጽሑፉ ደረሰ። ወንፊት አንብባ ስትጨርስ ከደረጃው ተነስታ ወደ ጣቢያው ደወለች፤ አንድ የመኪና አደጋ መዝገብ እንዲነበብላት ጠየቀች።

ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለቤቲቱ፣ ወንድሟ፣ ባለመድኃኒቱ፣ በያጁ። ሳጅኑ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ከአውራ ጣቱ እንነሳ» አለች። «እጁ በሙሉ ደም ለብሶ አውራ ጣቱ ብቻ ተጠርጓል። የሟቹ ስልክ የሚከፈተው በምንድን ነው?»

«በአውራ ጣቱ አሻራ» አለች ባለቤቲቱ በቀስታ።

«ደም የነካው ጣት ስልክ አይከፍትም። ስለዚህ ገዳዩ ከገደለው በኋላ የሬሳውን ጣት ጠርጎ ስልኩን ከፈተ። የመጨረሻውን ጽሑፍ የጻፈው ሟቹ አይደለም ማለት ነው። ካላመናችሁ አንዲት ቃል ተመልከቱ። ‹ጸሀይ›። ይህ ሰው አራሚ ነበር። ፀሐይን በፀሐዩ ‹ፀ›ና በሐመሩ ‹ሐ› ያልጻፈ ተከታዩን ሲቆጣ ነው የኖረው። ደግሞስ የት አለች ፀሐይ? በምሳ ሰዓት ሰማዩ በረዶ እያወረደ ነበር። ጽሑፉ የተጻፈው ጠዋት፣ ገና ብራ ሳለ ነው። በምሳ ሰዓት እንዲወጣ ታዝዞ ተቀመጠ። ስልኩ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ይቀበላል።»

ባለመድኃኒቱ ትንፋሹን ለቀቀ።

«የወለሉም ደም በያጁ ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ረግቷል። ባለመስኮቱ የሞተው ጠዋት ነው። ጠዋት አንተ ከወረፋ ጋር ትታገል ነበር። በያጁም ጠዋቱን ከባልደረቦቹ ጋር ብረት ሲበይድ እንደ ነበር አጣርተናል። ካቴናውን አውልቁለት።»

ሳጅኑ አወለቀ። ወንፊት በኋላ ስታስበው፣ ያን ቀን የቸኮለችው እዚህ ላይ ብቻ ነበር።

«እንግዲህ ሟቹ እስከ ምሳ በሕይወት እንደ ነበር መምሰሉ ማንን ይጠቅማል? በምሳ ሰዓት በሰው ፊት የተቀመጠን ሰው። በያጁ እንደሚመጣስ ማን ያውቃል? ሟቹ የነገረው ሰው። ያ ሰው ስልኩ በእጁ ሳለ አንድ ጽሑፍ ሰርዟል፤ አንድ ብቻ። ላንብበው። ‹የባለቤቴ ወንድም ለሚኒባሱ ከዶፉ ዝናብ ማግስት አዲስ የግራ መብራት አስገጥሞለታል። አንዱ ዓይኑ የሙሽራ፣ ሌላው የሽማግሌ ሆነ። በእኔ አስተያየት ሁለቱንም መቀየር ነበረበት።›»

ለማንም ክፉ ያላሰበ ጽሑፍ ነበር።

«በዚያ ዶፍ ቀን» አለች ወንፊት ወደ በያጁ ሳታይ፣ «አንዲት ሕፃን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪና ገጭቷት ሄደ፤ ሞተች። አስፋልቱ ላይ የቀረው የተሰበረ የግራ መብራት መስታወት ብቻ ነው። አባቷ ከአንባቢዎቹ አንዱ ነው። ያነበበውን ለፖሊስ አልተናገረም፤ ሹፌሩን በገዛ መዶሻው ሊያገኘው ስለፈለገ።»

«መብራት የቀየረ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» ሹፌሩ ሳቀ። «እቴቴ፣ ትሰሚያለሽ የሚሉትን?»

ባለቤቲቱ ቀሚሱን ከጭኗ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጠዋት ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰህ ነው የመጣኸው» አለች። «ዘይት ነካው ብለህ የደንበኛ ሸሚዝ ከመስቀያው አወረድክ። አዝራሩ ላልቶ ነበር። እኔው ነኝ ያጠበቅሁልህ። ደረትህ ላይ ክሩን በጥርሴ ነው የበጠስኩት።»

«እቴቴ…»

«ሸሚዝህ የት አለ?»

«እየሳቀ ነው የነገረኝ!» ጮኸ። «‹ዝነኛ ሆንክ፤ አንድ ሰው ስለ መብራትህ ሊጠይቀኝ ይመጣል› አለኝ። አጥፋው አልኩት። ለምን ብሎ ፊቴን አየ፤ ያኔ ገባው። ‹ራስህ ሄደህ ተናገር› ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወረድኩ። እዚህ ካውያውን አየሁት…»

ማንም ሳይነቃነቅ የልብስ መቁረጫውን መቀስ ከጠረጴዛው ነጥቆ እህቱን በፀጉሯ ሳባት፤ ስለቱን አንገቷ ላይ አሳረፈው። ቀጭን የደም መስመር ወደ አንገትጌዋ ወረደ። ወንፊት ሽጉጧን አወጣች፤ ግን የሁለቱ ራስ አንድ ላይ ነበር።

«በሩን ክፈቱልኝ!»

«ቁረጠኝ» አለች እህቱ። «ያሳደግሁህ ለዚህ ከሆነ ቁረጠኝ።»

መቀሱ ከአንገቷ ትንሽ ላላ። በዚያች ቅጽበት በያጁ የጨርቅ መለኪያውን የእንጨት ሜትር አንስቶ የእጁ አንጓ ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማው። መቀሱ ወደቀ፤ ሹፌሩም ወደቀ። በያጁ ደረቱ ላይ በጉልበቱ ቆሞ መቀሱን አንስቶ ጉሮሮው ላይ ቀሰረው።

«ተው!» አለች ወንፊት። «እንዳልተኩስብህ!»

አልሰማትም። «አንድ ነገር ንገረኝ» አለ፤ ድምፁ የሹክሹክታ ያህል ነበር። «ስትገጫት ወዲያው ነው የሞተችው?»

ሹፌሩ እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። ወርጄ አይቻታለሁ። ዓይኗን ገልጣ ነበር። ውኃ አለችኝ።»

በያጁ እንደ ቆሰለ በሬ አጓራ። መቀሱ ወረደ፤ የሹፌሩን ጉንጭ እስከ ጆሮው ሰንጥቆት ወለሉ ላይ ነጠረ። ሁለተኛ ሲያነሳው ባለቤቲቱ አንገቷ እየደማ አጠገቡ ተንበረከከችና ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አትግደልልኝ» አለች። «ለሱ አዝኜ አይደለም። ከሞተ ያቺን ውኃ ማን ይጠየቅባታል? ይኑር። በሸንጎ ፊት ቆሞ የሚመሰክርበት አፍ የኔ ይሆናል። እምልልሃለሁ።»

በያጁ አንገቷ ላይ ያለውን ደም አየ። ከዚያ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ሳጅኑና ከውጭ የገቡ ፖሊሶች ሹፌሩን አንስተው ወሰዱት፤ «እቴቴ! እቴቴ!» የሚለው ጥሪ እስከ መንገዱ ጫፍ ተሰማ። እሷ ቀና አላለችም።

ባለመድኃኒቱ ሮጦ ፋሻ አምጥቶ አንገቷን አሰረላት። እሱ እያሰረ እሷ ስልኳን አወጣች። አንባቢዎቹ አሁንም ይጽፉ ነበር፤ «በያጁን ስቀሉት» የሚለው ገጹን ሞልቶታል። በዚያ ገጽ ላይ አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም። አሁን ጀመረች።

«የባለመስኮቱ ሚስት ነኝ። ባሌን የገደለው ወንድሜ ነው። የበያጁንም ልጅ የገደለው ወንድሜ ነው። በያጁ ንጹሕ ሰው ነው፤ የሰደባችሁት ሁሉ ይቅርታ ጠይቁት።»

ከመላኳ በፊት ቆም አለች። ወለሉ ላይ፣ የስፌት መኪናውን ተደግፎ፣ ደም የነካ እጁን እያየ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረች።

«የልጅህ ስም ማን ነበር?»

በያጁ ቀና አለ። ስሟን ነገራት። እሷም ጻፈችው።